የአራዳ ገበያና የሌሎች አገሮች መንግሥት ምሳሌ (ከ1900 እስከ 1928 ዓ.ም.)

አንድ ሕዝብ ስለ ሌሎች ሕዝቦች መንግሥትና ታሪክ የሚይዘው አስተያየት ከመጽሐፍና ከትምህርት ቤት ብቻ የሚገኝ ይመስላል። በአዲስ አበባ ግን መጽሐፉ ሳይታተም፣ ትምህርት ቤቱም ሳይከፈት፣ ይህ አስተያየት በአራዳ ገበያ መብቀል ጀምሮ ነበር። ከገበያ የተነሣው ነገር በኋላ በምሁራን ብዕር፣ ከዚያም በጋዜጣ፣ በመጨረሻም በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲገለጥ መልኩ እየተለወጠ ሄዷል። በእያንዳንዱ ደረጃ የተጨመረ ነገር አለ፤ የጎደለም አለ። የጎደለውን ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው፣ ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን ከጃፓን ምን ወሰደች፣ ምንስ ተወች ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚያ ስለሚገኝ ነው። (ከዚህ በታች የኢትዮጵያ ነገር በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የጃፓንና የአውሮጳ ነገር በአውሮጳ አቆጣጠር ተጽፏል።)

አራዳ ሲባል በዚያን ጊዜ ከታላቁ ቤተ መንግሥት በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ታላቅ ገበያና ዙሪያው ነው። ገበያው በየዕለቱ ቢቆምም ዋናው ቀን ቅዳሜ ነበረ። አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ማር፣ ቆዳና ሰም ከየአውራጃው ይመጣል፤ አቡጀዲድ፣ ብረታ ብረትና ጠመንጃ ከባሕር ማዶ ይገባል፤ ሁሉም በማርያ ቴሬዛ ብር ይሸጣል፣ ይለወጣል። ከገበሬውና ከአገሩ ነጋዴ ጎን ሕንዳዊው፣ አርመናዊው፣ ግሪኩና ከየመን የመጣው ዐረብ ሱቅ ከፍተው ነበር። ቀረጡ የሚከፈለው በዚያው ነው፤ የሞት ፍርድም በሕዝብ ፊት ይፈጸም የነበረው በዚያው ነው። ስለዚህ አራዳ የንግድ ቦታ ብቻ ሳትሆን መንግሥት ለተራው ሰው በዓይኑ የሚታይባት አደባባይ ነበረች። ስሟ በኋላ በከተማው ወጣቶች አነጋገር የነቃና ዓለም የገባው ሰው ቅጽል ሆኖ መቅረቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ከዙሪያዋ ሰፈሮች እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉት በ2016 ዓ.ም. ስለ ፈረሱ፣ የድሮውን አቀማመጥ በዓይኑ ለመከተል የሚፈልግ ተማሪ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትና ከእቴጌ ጣይቱ ሆቴል መነሣት ይኖርበታል።

በአገሩ ልማድ ፍርድ ለማንም ቅርብ ነበረ። ሁለት ሰዎች በመንገድ ቢጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ» ብሎ ሌላውን ያቆመዋል፤ አላፊ አግዳሚውም ዳኛ ይሆናል። ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ቁራኛ ሆነው ወደ ሹሙ ይሄዳሉ። ሥርዓቱ ለድኻውም ለሀብታሙም አንድ ነበረ ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ሁለቱም ሥርዓቱን ያውቁታል፣ ቋንቋውንም ይናገሩታል። ከሹሙ በላይ ሹም፣ ከሁሉም በላይ ንጉሠ ነገሥቱ አሉ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ በላይ ያለው እግዚአብሔር ብቻ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ይህን የሥልጣን መሰላል በአጭሩ ይገልጠዋል።

የገበያው ሹም ነጋድራስ ይባላል። በ1900 ዓ.ም. መጀመሪያ ዳግማዊ ምኒልክ እንደ አውሮጳ መንግሥታት ልማድ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፣ የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ገበያውን፣ ንግዱንና ከውጭ መንግሥታት ጋር ያለውን ግንኙነት አንድ ሰው መያዙ በኋላ ዘመን ሰው ዓይን የአሠራር ጉድለት ይመስላል። በዘመኑ ግን ነገሩ እንደዚያው ነበረ፤ የውጭ ጉዳይ ማለት ከሞላ ጎደል የአራዳ ጉዳይ ነበርና። ሕንዳዊው የጨርቅ ነጋዴ ከአንድ ገበሬ ጋር ሲጣላ የሚናገርለት የእንግሊዝ ለጋሲዮን ነው። የራሱ ቆንስል የሌለው ነጋዴም ከአንዱ ለጋሲዮን ጥበቃ ለማግኘት ይጥር ነበር።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. በጥር ወር ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው፣ በፈረንሳዊው መልእክተኛ ስም የክሎቡኮውስኪ ውል የሚባለው ውል ይህን ልማድ ሕግ አደረገው። ፈረንሳውያን እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ የሚዳኛቸው የራሳቸው ቆንስል ሆነ። ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲካሰሱ ኢትዮጵያዊ ዳኛና ቆንስሉ አብረው ይቀመጣሉ፤ ተከሳሹ ፈረንሳዊ ከሆነ በፈረንሳይ ሕግ፣ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በኢትዮጵያ ሕግ ይፈረዳል፤ ዳኞቹ ካልተስማሙ ነገሩ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ይደርሳል። ከውጭ በሚገባው ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥም ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሌሎቹ መንግሥታት ለአንዱ የተሰጠው ለእኛም ይሰጠን በሚለው የውል ልማድ የዚሁ ጥቅም ተካፋዮች ሆኑ።

እንግዲህ የአራዳ ሰው የውጭ መንግሥታትን ያወቀው በዚህ መንገድ ነው። የእንግሊዝን ፓርላማ ወይም የፈረንሳይን ሪፑብሊክ ምንነት ማንም ሳያስተምረው፣ በአንድ ሱቅ ደጃፍ የቆመ ሰው ሕጉን ይዞ እንደሚዞር፣ የአገሩም መንግሥት ከሩቅ እንደሚከተለው በዓይኑ አይቷል። ከዚህ ሁለት ዓይነት አሳብ ሊወለድ ይችላል። አንደኛው፣ የእነዚህ ሰዎች መንግሥት ብርቱ ስለ ሆነ እነርሱ ወደ ሄዱበት መሄድ ይገባል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ይህ መብት የተወሰደው ከእኛ ስለ ሆነ መመለስ አለበት የሚል ነው። በኋላ የተጻፉት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የያዙት የመጀመሪያውን ነው።

ጃፓንን ለምሳሌነት የመረጡት ሰዎች ይህን ልብ ብለው ቢሆን ኖሮ እጅግ የሚጠቅም ነገር ባገኙ ነበር። ጃፓንም በ1858 እና በሚከተሉት ዓመታት ከአሜሪካና ከአውሮጳ መንግሥታት ጋር ይህንኑ የመሰለ ውል ለመፈረም ተገድዳ ነበር፤ በወደቦቿ የሚኖሩት የውጭ ሰዎች በቆንስሎቻቸው ይዳኙ ነበር፤ ቀረጧም በ1866 ውል ወደ ከመቶ 5 ወርዶ ነበር። ከ1868 የመንግሥት ለውጥ በኋላ የጃፓን መንግሥት ዋና ጭንቀት ይህን ውል ማስለወጥ ነበረ። በ1871 የመሳፍንቱን ግዛቶች አጠፋ፤ በ1872 የትምህርት ሕግ አወጣ፤ በ1873 የመሬት ግብርን በዓይነት መሰብሰብ ትቶ በገንዘብ የተወሰነ አደረገ፤ የፍትሐ ብሔርና የወንጀል ሕጎችን አዘጋጀ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1894 ውሉን ለማደስ ቻለ፤ አዲሱ ውል በሥራ ላይ በዋለበት በ1899 የቆንስሎች ፍርድ ቤት በጃፓን ቀረ። ቀረጥን በራሷ ፈቃድ የመወሰን ሙሉ ሥልጣን ያገኘችው ግን በ1911 ነው። የዘመኑን ቅደም ተከተል ለሚያስተያይ ሰው፣ ጃፓን ከዚያ ሸክም ከተላቀቀች ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ ኢትዮጵያ ተሸከመችው።

ይህንን የንግድና የቀረጥ ነገር ከሁሉ በጠለቀ አእምሮ የመረመሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በዐድዋ አውራጃ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ከምጽዋ በጀርመን መርከብ ወደ አውሮጳ ሄደው በበርሊን የተማሩ፣ በኋላም የባቡር ሐዲዱ ተቆጣጣሪና የድሬዳዋ ነጋድራስ የሆኑ ሰው ናቸው። በ1912 በአስመራ የታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፋቸው ግብር እንዲወሰን፣ ወታደሩ በገበሬው ላይ መኖሩን ትቶ ደመወዝ እንዲያገኝ፣ ሕግ በጽሑፍ እንዲዘጋጅ ይጠይቃል። በዚያው ጽሑፍ የታሪክ ጸሐፊ ያለፈውን የሚያስተውል አእምሮ፣ ለማንም የማያደላ ልብና የጠራ አነጋገር ሊኖረው እንደሚገባ አሳስበዋል። ይህ ማሳሰቢያ ስለ ነገሥታት ውዳሴ በሚጻፍበት ዘመን የተነገረ በመሆኑ ድፍረት የተሞላበት ነው።

ታላቁ መጽሐፋቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ግን የታተመው እርሳቸው በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ከሞቱ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። የመጽሐፉ መነሻ ቀላል ነው፤ የሀብት ምንጭ ሥራ ነው፤ ሥራ የሚበዛው በዕውቀት ነው። ስለዚህ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ጋር ሲነግድ፣ በብዙ ቀን ድካም የተገኘውን ቡናና ቆዳ በጥቂት ሰዓት በተሠራ ዕቃ ይለውጣል፤ ልዩነቱም ወደ ዐዋቂው ይሄዳል። ባንዲራው የራሱ የሆነ ሕዝብ በሀብቱ የሌላ አገልጋይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን አሳብ ይዞ ወደ አራዳ ለሚመለስ ሰው የቅዳሜው ገበያ መልኩ ይለወጥበታል። አንድ ቁና ቡናና አንድ ክንድ አቡጀዲድ የሚለዋወጡበት ቦታ የሁለት መንግሥታት የሥራ ጉልበት የሚመዘንበት ሚዛን ይሆናል፤ ከመቶ 10 የሚለው የቀረጥ ገደብም የዚያ ሚዛን አንዱ ክንድ ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የሌሎችን አገሮች ነገር የጠየቁት፣ ንጉሣቸው ማን ነው፣ ምክር ቤታቸው ስንት ሰው አለው ብለው አይደለም፤ ገበሬያቸው የሠራውን ማን ይወስደዋል ብለው ነው። ከእርሳቸው በኋላ ጥያቄው በዚህ መልክ ጥቂት ጊዜ እንኳ አልተጠየቀም።

ይህ የሆነበት ምክንያት የለም አይባልም። ከታላቁ የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1917 እስከ 1922 በነበሩት ዓመታት የሩሲያ፣ የኦስትርያ፣ የጀርመንና የቱርክ ዘውዶች ተራ በተራ ወደቁ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የተማሩባት የጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያደጉባትና የመድፈኛ ትምህርት የተማሩባት የሩሲያ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት፣ ሁለቱም አልነበሩም። ዘውዱን ሳይጥል የሠለጠነ፣ አውሮጳዊ ሳይሆን የአውሮጳን ኀይል ያሸነፈ አገር ለሚፈልግ ሰው የቀረችው ጃፓን ነበረች። ጃፓን በ1905 ሩሲያን ማሸነፏ በዐድዋ ላሸነፈ ሕዝብ እንደ ዘመድ ወሬ የሚቆጠር ነበር።

በታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. መታተም የጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ይህን ክርክር ወደ አደባባይ አወጣው። ከዚያ በፊት ግሪኩ እንድርያስ ካቫዲያስ ያወጡት የነበረው፣ ዳግማዊ ምኒልክ «አእምሮ» ብለው ስም ያወጡለት ጋዜጣ ነበረ፤ እርሱም በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጅ የሚሰጥ ነበር። «ብርሃንና ሰላም» ግን በየሐሙሱ እየወጣ፣ በገብረ ክርስቶስ ተክለ ሃይማኖት አዘጋጅነት፣ ስለ ባርነት፣ ስለ ሥራ መናቅ፣ ስለ ትምህርትና ስለ መኳንንቱ አኗኗር የሚጽፉ ወጣቶችን ሰበሰበ። ማተሚያ ቤቱን ያቋቋሙት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ስለ ነበሩ ትችቱ ወሰን ነበረው፤ ወሰኑንም የጻፉት ሁሉ ያውቁት ነበር። በዚህ ምክንያት የሌላ አገር ምሳሌ ልዩ ጥቅም አገኘ። ስለ አገሩ ሹማምንት በቀጥታ የማይባለው ነገር የሌላውን አገር ሹማምንት በማመስገን ይባላል። ስለ ጃፓን የሚጻፍ ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ጃፓን አይጽፍም ነበር። አንባቢውም ይህን ስለሚያውቅ የጽሑፉን ትርጕም ከቶኪዮ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ይፈልገዋል። የሰሙንና የወርቁን አነጋገር ለለመደ ሰው ይህ ችግር አይደለም። ችግሩ፣ ጃፓን ሰም ብቻ ሆና ስትቀር እርሷ ራሷ በእውነት ምን እንደ ሠራች የሚመረምር መታጣቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተረሳ ነገር ማንሣት ይገባል። በመጋቢት 1910 ዓ.ም. የመሐል ሰፋሪ ወታደሮች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ሚኒስትሮቹ ከሥራቸው እንዲወጡ ጠየቁ፤ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በቀር ሚኒስትሮቹ ተሻሩ። እነዚህ ወታደሮች የጃፓንን ወይም የእንግሊዝን ምሳሌ አልጠቀሱም። ዘውዱን ሳይነኩ ሹሙን መክሰስ ይቻላል የሚል አሳብ ከአገሩ ልማድ አውጥተው ሥራ ላይ አዋሉት። ንጉሥ አይከሰስም፤ ሚኒስትር ግን ይከሰሳል። የዘመኑ ጸሐፊዎች ስለ ሕዝብ ድምፅ ከባሕር ማዶ ብዙ ሲፈልጉ፣ በደጃቸው የተነሣውን ይህን ድምፅ የወታደር ሁከት ብቻ አድርገው ማለፋቸው ያሳዝናል። ወታደሮቹ የገበሬው ወኪሎች አልነበሩም፤ ይልቁንም በገበሬው ላይ የሚኖሩ ነበሩ። ቢሆንም ሚኒስትርን በጉባኤ ጥያቄ ማስወጣት ትንሽ ነገር አይደለም።

በሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የተረቀቀው በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ነው፤ ዋና ምሳሌውም የ1889 የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ለሚያነብ ሰው ዝምድናቸው ግልጽ ነው። በሁለቱም ሕገ መንግሥቱን ለሕዝቡ የሚሰጠው ንጉሠ ነገሥቱ ነው። ጃፓኑ የዘውዱ ዘር ከጥንት ጀምሮ ያልተቋረጠ ነው ሲል፣ ኢትዮጵያዊው ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይቈጥራል። በሁለቱም የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ ነው። ሁለት ምክር ቤቶችም በሁለቱም አሉ።

ልዩነቱ በሁለተኛው ምክር ቤት ላይ ነው። በጃፓን የታችኛው ምክር ቤት አባሎች በምርጫ የሚገቡ ነበሩ። በ1890 የተደረገው የመጀመሪያው ምርጫ ጠባብ ነበረ፤ ድምፅ የሰጡት 15 የን ግብር የሚከፍሉ ወንዶች ብቻ ሲሆኑ ከሕዝቡ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነበሩ። ነገር ግን በሩ ተከፍቶ ስለ ነበር በ1925 ዕድሜያቸው 25 ለሞላ ወንዶች ሁሉ እስኪሰፋ ደረሰ። በኢትዮጵያው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎችን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ይመርጣሉ። «እስኪችል ድረስ» የሚለው ቃል ቀን አልተቈረጠለትም። ከጃፓን የተወሰደው ዘውዱ የቆመበት መሠረት ነው፤ ዘውዱን ቀስ በቀስ ከሕዝብ ጋር ያገናኘው በር አልተወሰደም። የመሬት ግብሩ ለውጥማ ከመጀመሪያም የሕገ መንግሥቱ ጉዳይ አልሆነም፤ በጃፓን ግን ሕገ መንግሥቱን 16 ዓመት ቀድሞ የመጣው እርሱ ነበረ።

ይህን ለበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ጥፋት አድርጎ መቍጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። በ1923 ዓ.ም. የዘውዱ ዋና ባላጋራ የየአውራጃው መስፍን ነበረ፤ ሕገ መንግሥቱም የተጻፈው ለዚያ ትግል ነው። መሳፍንቱ በጽሑፍ ለተወሰነ ሥልጣን እጃቸውን እንዲሰጡ ማድረግ ቀላል ሥራ አልነበረም። ይሁን እንጂ የሚያዋጣው ለዚያ ጊዜ እንደ ነበረ መናገርና ከጃፓን ጋር አንድ ነው ማለት የተለያዩ ናቸው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ለመሄድ ተዘጋጁ። በኅዳርና በታኅሣሥ 1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለ መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ። መጽሐፉ የአድናቆት መጽሐፍ ነው፤ አድናቆቱም የሚገባ ነበር። ነገር ግን የጉብኝቱ ቀን ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ቶኪዮ ሲገቡ የጃፓን ጦር ማንቹርያን መያዝ ከጀመረ ሁለት ወር አልሞላውም፤ የቻይና አቤቱታም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ነበረ። ኢትዮጵያ ከመስከረም 1916 ዓ.ም. ጀምሮ የዚያው ማኅበር አባል ናት። ደካማው አባል በብርቱው ሲወረር ማኅበሩ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ የተጠየቀው በዚያን ጊዜ ነው፤ የተገኘው መልስም በ1928 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ከተሰጣት መልስ ብዙ አልራቀም። የምሳሌዋን አገር ከሠለጠነ ወገኗ ብቻ የሚያይ ሰው ከወራሪ ወገኗ የሚማረው ያመልጠዋል።

ቀሪው በአጭር ይነገራል። በ1928 ዓ.ም. በሚያዝያ መጨረሻ፣ ጣልያኖች ከመግባታቸው ቀደም ባሉት ቀኖች፣ የአራዳ ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። በ1936 መጨረሻ ጃፓን በአዲስ አበባ የነበራትን ለጋሲዮን ዘግታ በቆንስላ በመተካት የጣልያንን ወረራ ተቀበለች፤ ጣልያንም በማንቹርያ ለተቋቋመው መንግሥት ተመሳሳዩን አደረገች። በአራዳ አደባባይ የነበረው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ከቦታው ተነሣ። ገበያው የአገሩ ሰውና አውሮጳዊው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ በሚያዝዘው የከተማ ፕላን ወደ አዲስ ከተማ ተዛወረ፤ የቀድሞውም ቦታ በጣልያንኛ ፒያሳ ተባለ። ገበሬውና ሕንዳዊው፣ ነጋድራሱና ቆንስሉ የሚገናኙበት አደባባይ በዚህ አኳኋን ተለያየ። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ገበያው ግን አልተመለሰም።

የጃፓን ጥያቄም አልሞተም። አቶ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፍ በ1946 ዓ.ም. አወጡ። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ፤ ምርጫውም በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተደረገ። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት «እስኪችል ድረስ» ተብሎ የተጻፈው ቃል ቀን ያገኘው ከ26 ዓመት በኋላ ነው። የመሬት ግብሩና የባለ ርስቱ ነገር ግን ለሚመረጠው ምክር ቤት የተተወ ክርክር ሆኖ ቀረ።